ከነጥቧ ጀርባ ያለች ኩዌሪ

ጎንደር ላይ ለፕሮግራመሮችና ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሲመጣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፤ አነጋገሩን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ክፍት ወንበር አለ። ፊት የተቀመጠ ይጠየቃል ብላችሁ አትስጉ፣ ዛሬ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ስላይድ አላመጣሁም። የማወራው ስለ አንዲት ነጥብ ነው። ኮድ ስትጽፉ በሁለት ስሞች መሀል የምትጥሏት ነጥብ። ቡኪንግ ነጥብ ክፍል ነጥብ ፔንሲዮን ነጥብ ሰፈር። ስታዩዋት ምንም አትመስልም፤ ኦብጀክቱ ውስጥ ያለ ነገር እያነበባችሁ ነው የሚመስላችሁ። ኦአርኤም፣ ማለትም የዳታቤዝ ረድፎችን ወደ ኦብጀክት የሚቀይር መሣሪያ፣ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን አንዷ ነጥብ ከሜሞሪ ታነባለች፣ ሌላዋ ተነስታ ዳታቤዝ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። በዓይን አይለዩም። ጣጣው ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ምሳሌያችን ሁላችሁም የምታውቁት ነገር ይሁን። ጥምቀት ሲደርስ እዚህ ከተማ አልጋ ማግኘት ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። እናም የፔንሲዮን አልጋ ማስያዣ እየሠራን ነው እንበል። አራት ክላስ አለን፦ ሰፈር፣ ፔንሲዮን፣ ክፍል፣ ቡኪንግ። ፔንሲዮን ሰፈር አለው፣ ብዙ ክፍሎችም አሉት፤ ክፍል ደግሞ ብዙ ቡኪንግ አለው። የመጀመሪያው ፔጅ ዝርዝር ነው። የፔንሲዮኑ ስም፣ ሰፈሩ፣ ለከተራ ሌሊት ስንት ባዶ ክፍል እንዳለው። በቃ።

ኮዱን እንዴት ትጽፉታላችሁ? ፔንሲዮኖቹን በሙሉ አምጣ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሉፕ አድርግ፤ የሰፈሩን ስም ጻፍ፤ ክፍሎቹ ላይ ሌላ ሉፕ አድርግ፤ ጥር 10 ላይ ቡኪንግ የሌለውን ክፍል ቁጠር። ኮዱ ሲነበብ ያምራል። አዲስ የተቀጠረ ልጅም ያለ አስረጂ ይገባዋል።

አሁን የኩዌሪ ሎጉን፣ ማለትም ወደ ዳታቤዙ የሄደ እያንዳንዱ ጥያቄ የሚጻፍበትን መዝገብ፣ ክፈቱ። 40 ፔንሲዮን፣ በእያንዳንዱ 12 ክፍል እንበል። ፔንሲዮኖቹን ለማምጣት 1 ኩዌሪ። ለየሰፈራቸው 40። ለክፍሎቻቸው 40። ለየክፍሉ ቡኪንግ 480። ድምሩ 561። አንድ ሰው ስልኩ ላይ አንድ ፔጅ ስለከፈተ። ሎጉን ዝቅ እያላችሁ ስታነቡት ደግሞ ይገርማል፦ «መለያ ቁጥሩ 3 የሆነውን ሰፈር አምጣ»፤ ሁለት መስመር ወረድ ብሎ እንደገና «መለያ ቁጥሩ 3 የሆነውን ሰፈር አምጣ»። 3 አዘዞ ነው እንበል፤ አዘዞን አምጥቶ፣ ረስቶ፣ ደግሞ አዘዞን ይጠይቃል። ይሄ የፓይተኑ ጃንጎ ላይ የምታዩት ነው። የጃቫው ሃይበርኔትና የፓይተኑ ኤስኪውኤል አልኬሚ የሚባሉት ኦአርኤሞች አንዴ ያመጡትን ረድፍ በዚያው ሴሽን፣ ማለትም ከዳታቤዙ ጋር በተከፈተው የሥራ ጊዜ፣ ውስጥ ስለሚያስታውሱ አዘዞን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁና ዝም ይላሉ። ክፍሎቹና ቡኪንጎቹ ላይ ግን እነሱም አያድኗችሁም።

ሰፋ ባለው ዓለም ይሄ ችግር ኤን ፕላስ ዋን ይባላል። አንድ ኩዌሪ ለዝርዝሩ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ተጨማሪ። እኛ ጋ እንዳያችሁት ሉፕ በሉፕ ውስጥ ሲገባ ስሙ ራሱ ያንሰዋል።

«ኩዌሪዎቹ እኮ ትንንሽ ናቸው፣ ኢንዴክስም አለኝ» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ትንንሽ ናቸው። ግን ከፒያሳ አዘዞ በባጃጅ ደርሶ መልስ ስትሄዱ አንድ እስክሪብቶም አምጡ አንድ ካርቶን፣ የምትከፍሉት ለመንገዱ ነው። ዳታቤዙ ላፕቶፓችሁ ላይ ሆኖ አንዱ ደርሶ መልስ ግማሽ ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ 561ዱ ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ሰርቨር ላይ ወጥቶ 3 ሚሊሰከንድ ቢሆን 1.7 ሰከንድ ገባ። አፕሊኬሽኑን እዚህ፣ ዳታቤዙን ሌላ አገር ያለ ክላውድ ላይ አስቀምጣችሁ ደርሶ መልሱ 100 ሚሊሰከንድ ከሆነ ደግሞ 56 ሰከንድ። ኮዱ አንድ ፊደል አልተለወጠም። ላፕቶፓችሁ ላይ ለሙከራ ሦስት ፔንሲዮን ብቻ ካስገባችሁማ ጭራሽ አታዩትም፤ የምታዩት ጥር ላይ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ሁሉንም በአንዴ እናምጣዋ! ብዙ ሰው ኤን ፕላስ ዋን የነደፈው ቀን እዚህ ውሳኔ ላይ ይደርሳል። ክላሱ ላይ ሁሉንም ግንኙነት ኢገር፣ ማለትም ሳይጠየቅ ቀድሞ የሚመጣ፣ ያደርገዋል፣ ሁሉንም ቴብል በጆይን፣ ማለትም ቴብሎችን በአንድ ኩዌሪ በሚያጣምረው ትእዛዝ፣ ያገናኘዋል፣ አንድ ኩዌሪ ብቻ ሆነ ብሎ ይደሰታል።

አስሉት። ፔንሲዮኑ ከክፍሎቹ በተጨማሪ አምስት አምስት ፎቶ ይኑረው። ፔንሲዮንን ከክፍልም ከፎቶም ጋር በአንድ ጆይን ስታመጡ፣ ዳታቤዙ ክፍልን ከፎቶ ያባዛዋል፤ 12 ሲባዛ በ5፣ ለአንድ ፔንሲዮን 60 ረድፍ። ለ40ው 2,400። ያሉት ነገሮች ግን 40 ፔንሲዮን፣ 480 ክፍልና 200 ፎቶ፣ በድምሩ 720 ናቸው። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ነገር ይመጣል። በዩቲኤፍ 8፣ ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ በሚቀመጥበት አሠራር፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ባለቤቱ ስለ ፔንሲዮኑ 700 ፊደል ገደማ የሆነ ማብራሪያ በአማርኛ ቢጽፍ 2 ኪሎባይት አካባቢ ነው። ያ ማብራሪያ በ2,400ው ረድፍ ላይ አንድ በአንድ ይደገማል፤ 80 ኪሎባይት መሆን የነበረበት ጽሑፍ 5 ሜጋባይት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ከዳታቤዙ ይወጣል። ኦአርኤሙ ያንን ሁሉ ተቀብሎ፣ የተደጋገመውን ጥሎ፣ 40 ኦብጀክት ይሰጣችኋል። እናንተ የምታዩት 40ውን ብቻ ስለሆነ ንጹህ ይመስላል።

ገጽ መቁረጥ ስትጨምሩበት ይብሳል። «የመጀመሪያዎቹን 10 አምጣ» ስትሉት ዳታቤዙ የሚቆጥረው ረድፍ እንጂ ፔንሲዮን አይደለም። 10 ረድፍ ማለት የአንዱ ፔንሲዮን ክፍሎች እንኳ ሳይሞሉ ማለት ነው። ሃይበርኔት ይሄን ስለሚያውቅ ሁሉንም አምጥቶ በሜሞሪ ይቆርጠውና ሎግ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ማስጠንቀቂያውን የሚያነበው ሰው ነው የሚጠፋው።

መሀከለኛው መንገድ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ወደ አንድ ነገር የሚያመለክት ግንኙነት፣ ለምሳሌ ከፔንሲዮን ወደ ሰፈር፣ በጆይን ይምጣ፤ ረድፍ አያባዛም። ወደ ብዙ የሚሄደው፣ ለምሳሌ ወደ ክፍሎች፣ በራሱ ሁለተኛ ኩዌሪ ይምጣ፦ «የእነዚህን 40 ፔንሲዮኖች ክፍሎች በሙሉ ስጠኝ»። ሦስተኛ ለፎቶ። ከ561 ወደ 3 ወይም 4 ወረድን፣ የተባዛ ረድፍም የለም። ጃንጎ የመጀመሪያውን ሰሌክት ሪሌትድ፣ ሁለተኛውን ፕሪፌች ሪሌትድ ይለዋል፤ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ። የሩቢው ሬይልስ ላይ ኢንክሉድስ፣ የፒኤችፒው ላራቬል ላይ ዊዝ፣ የዶትኔቱ ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ላይ ኢንክሉድ፤ ይሄኛው ግን አስፕሊት ኩዌሪ ካልጨመራችሁበት ሁሉንም በጆይን ነው የሚያመጣው። ኤስኪውኤል አልኬሚ ላይ ጆይንድ ሎድና ሰሌክት ኢን ሎድ። ስሙ ይለያያል፣ ሥራው ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ እስካሁን ያወራሁት መንደርደሪያ ነበር። መቼ ይምጣ የሚለውን ማን ይወስን?

የኔ መልስ አጭር ነው። ክላሱ አይወስንም። ክላሱ ምን ያውቃል? «ፔንሲዮን» የሚለው ክላስ ለዝርዝር ፔጅ እየተጠራ ይሁን፣ ለባለቤቱ የወር ሪፖርት ይሁን፣ ወይም ስልክ ቁጥሩን ብቻ ለማስተካከል ይሁን አያውቅም። ዝርዝሩ ሰፈርን ይፈልጋል፣ ፎቶ አንድ ይበቃዋል። ሪፖርቱ ቡኪንግ እንጂ ፎቶ አይፈልግም። ስልክ የሚያስተካክለው ምንም አይፈልግም። የሚያውቀው ሥራውን የጠራው ቦታ ነው። ስለዚህ ክላሱ ላይ ሁሉም ሌዚ፣ ማለትም ሲነካ ብቻ የሚመጣ፣ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚጻፈው ኩዌሪ ደግሞ የሚያስፈልገውን በግልጽ ይናገር።

ይሄ ግልጽ ይመስላል፣ ግን መሣሪያዎቹ ራሳቸው ሁልጊዜ አይረዷችሁም። ጃቫ የምትሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጄፒኤ፣ ሃይበርኔት የሚከተለው የጃቫ ደንብ፣ ወደ አንድ የሚሄዱ ግንኙነቶችን ሳትጠይቁት ኢገር ያደርጋቸዋል፤ ወደ ብዙ የሚሄዱትን ሌዚ። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ለምን ብትሉ፣ ክላሱ ላይ ኢገር የተባለን ነገር ኩዌሪው ላይ ሌዚ ማድረግ ከባድ ነው፤ በተቃራኒው ግን ቀላል ነው። ሌላም ጉድ አለው። ኢገር ስላላችሁት በጆይን ይመጣል ብላችሁ ታስባላችሁ። በራሳችሁ የጻፋችሁትን ኩዌሪ ግን ሃይበርኔት እንደጻፋችሁት ያስኬድና፣ ኢገር የተባለው ግንኙነት ጎድሎ ሲያገኘው አንድ በአንድ እየዞረ ያመጣዋል። ማለትም ኤን ፕላስ ዋንን ለማጥፋት ኢገር አደረጋችሁት፣ እሱም ኤን ፕላስ ዋን ሆኖ መጣ።

ያልመጣ ነገር ስትነኩ ምን ይሆናል የሚለው ሌላው ትልቅ ልዩነት ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ሦስት ዓይነት ጠባይ አይቻለሁ። አንደኛው ዝም ብሎ ሄዶ ያመጣል፤ ጃንጎ፣ ሬይልስና ላራቬል እንደዚያ ናቸው። ይመቻል፣ ግን ይደብቃል። ሁለተኛው ይጮኻል፤ ሃይበርኔት ሴሽኑ ከተዘጋ በኋላ ሌዚ ግንኙነት ስትነኩ ኤክሴፕሽን ይወረውራል፣ ማለትም ስህተት ብሎ ሥራውን ያቆማል። ጃቫ የጻፈ ሁሉ ያንን ቀይ ጽሑፍ ያውቀዋል፣ ብዙ ሰውም ይረግመዋል። እኔ ግን አልረግመውም፤ ቢያንስ እውነቱን ነው የሚናገረው። ሦስተኛው ባዶ ይመልሳል። ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር ሌዚ ሎዲንግ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ2.1 ስሪቱ ነው፤ አሁንም እናንተ ካላበራችሁት አይሠራም። ሳይበራ ያላመጣችሁትን የክፍሎች ዝርዝር ስትነኩ ነል ወይም ባዶ ዝርዝር ታገኛላችሁ። አስቡት፦ 12 ክፍል ያለው ፔንሲዮን፣ ኢንክሉድ ስለተረሳ ብቻ፣ ለከተራ «ባዶ ክፍል የለም» ብሎ ይለጥፋል። ኤረር የለም፣ ዘገምተኛ ፔጅ የለም። ባለቤቱ ስልኩ ለምን ጸጥ እንዳለ ሲገርመው ይከርማል። ከሦስቱ የምፈራው ይሄንን ነው።

የሚጮኸውን ጠባይ ሆን ብላችሁ ማብራት ትችላላችሁ። ሬይልስ 6.1 እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ስትሪክት ሎዲንግ የሚባል አመጣ፤ ላራቬል እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሪቬንት ሌዚ ሎዲንግ ጨመረ፤ ኤስኪውኤል አልኬሚ ሬይዝ ሎድ አለው። ሲበራ፣ ቀድሞ ያልመጣን ነገር ሉፕ ውስጥ የነካ ሰው እዚያው ላፕቶፑ ላይ ይወድቅበታል። ፕሮዳክሽን ላይ ግን እንዲህ አጥብቃችሁ አታብሩት። እንግዳው ፔጁ ትንሽ ቢዘገይበት ይሻለዋል፣ ከነጭራሹ ከሚወድቅበት።

ኩዌሪው የሚደበቅበት ሌላ ቦታም አለ። ቴምፕሌት፣ ፔጁ የሚሳልበት ፋይል። ሪኩዌስቱን የሚቀበለው ከንትሮለር ላይ ሁሉ ነገር ንጹህ ነው፣ ሁለት ኩዌሪ። ኤችቲኤምኤሉን የሚሠራው ልጅ አንዲት መስመር ጨመረ፦ የሰፈሩን ስም አሳይ። እሱ ዳታቤዝ መንካቱን በምን ይወቅ? የጃቫው ስፕሪንግ ቡት ላይ ኦፕን ኢን ቪው የሚባለው ሳትነኩት እንደበራ ነው፤ ሴሽኑ ፔጁ እስኪሳል ድረስ ክፍት ይቆያል፣ ስለዚህ ኤክሴፕሽኑ አይመጣም፣ ኩዌሪው ግን ይመጣል። አፕሊኬሽኑ ሲነሳ ሎግ ላይ ያስጠነቅቃችኋል፣ አንብቡት። ጄሰን ስትመልሱም እንደዚሁ ነው፤ ኦብጀክቱን እንዳለ ወደ ጄሰን ለሚቀይረው ሰሪያላይዘር ከሰጣችሁት ያገኘውን ግንኙነት ሁሉ እየነካ ይሄዳል። ፔንሲዮን ወደ ክፍል፣ ክፍል መልሶ ወደ ፔንሲዮን፣ እስኪደክመው። መፍትሔው ለኤፒአዩ የሚፈለጉትን መስኮች ብቻ የያዘ የተለየ ትንሽ ክላስ መሥራት ነው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ይረሳል። መቼ ይምጣ ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መልስ «በጭራሽ» ነው። ዝርዝሩ ላይ የፈለግነው ምን ነበር? የባዶ ክፍል ብዛት። ቁጥር ነው። ቁጥር ለማግኘት 480 የክፍል ኦብጀክትና ቡኪንጎቻቸውን ሜሞሪ ላይ ምን አስደረደረን? ዳታቤዙ ራሱ በፔንሲዮን እየቦደነ ይቁጠርና 40 ቁጥር ይስጠን። አንድ ኩዌሪ ነው። ስትጽፉም እንደዚያው፦ አዲስ ቡኪንግ ለማስገባት የክፍሉ መለያ ቁጥር በቂ ነው። ክፍሉን፣ ከክፍሉ ጋር ፔንሲዮኑን፣ ከፔንሲዮኑ ጋር ሰፈሩን መጥራት አያስፈልግም።

ስለ ጊዜ ካነሳን አይቀር፣ ቀድሞ የመጣ ነገር ያረጃል። ዝርዝሩን 4 ሰዓት ላይ አመጣችሁት፣ እንግዳው አምስት ደቂቃ አስቦ «ያዝልኝ» ሲል ያ ክፍል ባዶ መሆኑን የምታውቁት ከአምስት ደቂቃ በፊት ነው። ይሄን ሌዚ በማድረግም አትፈቱትም፤ ዘግይታችሁ ብታነቡም በማንበባችሁና በመጻፋችሁ መሀል ሌላ ሰው ይገባል። በጥምቀት ደግሞ ይገባል! ይሄ የዳታቤዙ ሥራ ነው፤ ወይ ረድፉን ቆልፋችሁ አንብቡ፣ ወይ ሁለት ቡኪንግ አንድ ክፍልን በተደራረበ ቀን እንዳይዙ ቴብሉ ላይ ገደብ አድርጉ። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ለቀን ክልል እንዲህ ያለ ገደብ አለው። ኦብጀክታችሁ የሚለውን አትመኑ።

ጥያቄ ካለ ልቀበል።

አንዲት እህት፣ «የሚያስፈልገውን ኩዌሪው ላይ እንጻፍ ካልን የኦብጀክት ዲዛይናችን አይበላሽም ወይ? ፔጅ የሚሠራው ኮድ ስለ ቴብል ምን አገባው?» ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፔጁ ስለ ቴብል አይወቅ፤ ግን ምን ሊያሳይ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ከዳታቤዙ በሚያመጣው ኮድ፣ በሪፖዚቶሪው፣ ላይ «ሁሉንም አምጣ» የሚል አንድ ፋንክሽን ብቻ ከመተው፣ «ፔንሲዮኖችን ለዝርዝር አምጣ» የሚል ይኑር። ጆይኑ እዚያ ውስጥ ይደበቅ። ፋንክሽኖቹ ይበዛሉ ትዪኝ ይሆናል፤ ይብዙ፣ የሲስተሙ ሥራ ራሱ ብዙ ስለሆነ ነው።

አንድ አባት፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ መሆናቸውን ነግረውናል፣ «ታዲያ ኦአርኤሙን ትታችሁ ኤስኪውኤል ለምን አትጽፉም?» አሉ። ጋሼ፣ ለሪፖርት እኔም የምጽፈው ኤስኪውኤል ነው። አንድ ቡኪንግ ከፍቶ፣ ቀን ለውጦ፣ ዋጋ አስልቶ ለማስቀመጥ ግን ኦአርኤሙ ብዙ ድካም ይቀንስልኛል፤ እዚያ ደግሞ ሌዚ ሎዲንግ ምንም ጥፋት የለውም። አንድ ኦብጀክት ነው፣ ሁለት ሦስት ነጥብ ብትነኩ ሦስት ኩዌሪ ነው። ያ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ሉፕ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንድ ተማሪ መጣ፦ «ቀድሞ የተሠራ ሲስተም ተረክቤያለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ሁሉንም ፔጅ አትንካ። መጀመሪያ በሪኩዌስት ስንት ኩዌሪ እንደሚሄድ ሎግ ላይ እንዲጻፍ አድርግ፤ ብዙ የሚጠራባቸውን ሁለት ሦስት ፔጆች ለይ። ለእነሱ ቴስት ጻፍ። ጃንጎ ላይ አሰርት ነም ኩዌሪስ አለልህ፤ ሌላው ላይ ቆጣሪ መሥራት ቀላል ነው። ቴስቱን በ3 ፔንሲዮን አንዴ፣ በ30 ደግሞ አንዴ አስኪደው። የኩዌሪው ቁጥር እኩል ከሆነ ተወው፣ ወደ ቀጣዩ ፔጅ ሂድ። ከዳታው ጋር ካደገ ግን ሎጉ ላይ የሚደጋገመው ኩዌሪ የትኛው ግንኙነት እንደሆነ ይነግርሃል። ላራቬልም ሬይልስም ቀድሞ ያልመጣ ነገር ሲነካ ኤክሴፕሽን ከመወርወር ይልቅ ሎግ ላይ ብቻ እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል፤ አሮጌ ሲስተም ላይ በዚያ ጀምር፣ ሎጉ ጸጥ ሲል ወደ ኤክሴፕሽን ቀይረው።